ዌስትሳይድ ፎቶ ሲነሣ፦ ሰፈርና ሰልፍ በበረሃዋ ከተማ



ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ከዚህ ወጥታችሁም የሌሊት ሺፍት የምትገቡ እንዳላችሁ ስለማውቅ መግቢያ አላስረዝምም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ታሪኩ የተመዘገበው በዚያ ነውና።

የላስ ቬጋስን የድሮ ፎቶ ጥሩ ቢባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠራው አንድ አለ። ዘመኑ 1957 ነው። አንዲት ዳንሰኛ ምድረ በዳ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ትስቃለች። በዋና ልብሷ ላይ በጥጥ የተሠራ የአቶሚክ ቦምብ ደመና ተለጥፏል። ያነሣት ዶን ኢንግሊሽ የሚባል ሰው ነው፤ የላስ ቬጋስ ኒውስ ቢሮ ባልደረባ። ስሙ ዜና ቢሮ ይሁን እንጂ ንግድ ምክር ቤቱ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከተማዋን ለማስተዋወቅ ያቋቋመው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ፎቶ እያነሣ ለዓለም ጋዜጦች ያድላል። ከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው የኔቫዳ መሞከሪያ ቦታ መንግሥት ከ1951 እስከ 1962 ሰማይ ላይ ቦምብ ሲያፈነዳ፣ ቢሮው እሱንም ለቱሪስት መጥሪያ አደረገው። መዋኛ ገንዳ ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተው ዳይስ የሚጫወቱ እንግዶችን ያሳየንም ይኸው ቢሮ ነው።

ፎቶዎቹን አልነቅፋቸውም። ሥራቸውን አሳምረው የሚያውቁ ሰዎች ያነሷቸው ናቸው። ነገር ግን ላስ ቬጋስ የራሷን ፎቶ ስትሸጥ የኖረች ከተማ ናትና፣ በፎቶው ውስጥ ማን አለ፣ ማንስ ቀርቷል የሚለው ጥያቄ እዚህ ከሌላው ቦታ ይከብዳል። ያቺ ዳንሰኛ በረሃ ላይ በሳቀችበት ዓመት አንዲት ጥቁር ሴት ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አልጋ ታነጥፋለች፤ በዚያ አልጋ ላይ ግን ገንዘቧን ከፍላም ቢሆን ማደር አይፈቀድላትም። የእሷን ፎቶ ኒውስ ቢሮ ለዓለም ጋዜጦች የሚልክበት ምክንያት አልነበረውም። ፎቶዋን የምናገኘው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ዌስትሳይድ ነው።

ታክሲ የምትነዱ ሰፈሩን ታውቁታላችሁ። ከዳውንታውን ወጥታችሁ ሐዲዱንና አይ አሥራ አምስት አውራ ጎዳናን ስትሻገሩ የምታገኙት፣ ጃክሰን ጎዳናና ኤፍ ጎዳና ያሉበት ነው። ላስ ቬጋስ በ1905 ባቡር ኩባንያው መሬት በጨረታ ሲሸጥ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁሮች መሀል ከተማም ይኖሩ፣ ይነግዱም ነበር። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ግን የንግድ ፈቃዳቸው የሚታደሰው ወደ ዌስትሳይድ ከተዛወሩ ብቻ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዛሬ ሄንደርሰን በምንለው ቦታ የማግኒዥየም ፋብሪካ ሲከፈት፣ ከአርካንሶዋ ፎርዳይስና ከሉዊዚያናዋ ታሉላ ብዙ ሕዝብ ለሥራ ጎረፈ። ያረፈውም እዚያው ሰፈር፣ አስፋልት ባልነበረበት መንገድ ዳር፣ በድንኳንና ከውዳቂ ጣውላ በተሠራ ቤት ነው። ከተማዋን "የምዕራቡ ሚሲሲፒ" ያሰኛትም ይኸው ነው። ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርና ናት ኪንግ ኮልን የመሰሉ አርቲስቶች ስትሪፕ ላይ ሲዘፍኑ አምሽተው ለመኝታ የሚሄዱት ዌስትሳይድ ነበር። ካረፉባቸው ቤቶች አንዱ፣ ኤፍ ጎዳና ላይ ያለው የሐሪሰን እንግዳ ማረፊያ፣ ዛሬም ቆሟል። በዚያ በኩል ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩት።

ይህን ሰፈር ከውስጥ ሆኖ ያነሣው ሰው ክሊንተን ራይት ይባላል። የኔቫዳ የመጀመሪያው ጥቁር ሐኪም ዶክተር ቻርልስ ዌስት በ1960ዎቹ የላስ ቬጋስ ቮይስ የተባለውን ጋዜጣ ሲያቋቁሙ፣ ራይት ለዚያ ጋዜጣ ፎቶ ያነሣ ነበር። ሥራው ዛሬ በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ ቤተ መጻሕፍት ልዩ ክምችት ክፍል ተቀምጧል፤ ከፊሉን ከቤታችሁ ሆናችሁ በኢንተርኔት ማየት ትችላላችሁ። በክምችቱ ውስጥ የሰፈሩ ኑሮ አለ፦ ሠርጉ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤው፣ የንግድ ቤቱ፣ የሴቶች ክበብ ግብዣው፣ ምረጡኝ የሚለው ተወዳዳሪ። ሰዎቹ ሲነሡ ለብሰዋል፤ ጫማው ተወልውሏል፣ ከረባቱ ተስተካክሏል፣ ሴቶቹ ኮፍያና ጓንት አድርገዋል። ድህነታቸውን ሊቀርጽ የመጣ እንግዳ ካሜራ አይደለም የያዛቸው። እነሱም ካሜራውን የሚመለከቱት የሚያውቁትን ሰው በሚመለከቱበት ዓይን ነው።

እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን አንዳንድ ሰው "የቤተሰብ አልበም" ብሎ ያልፋቸዋል፤ ታሪክ ማለት ሰልፉ፣ ፖሊሱና እስሩ ነው ብሎ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዛሬ እዚህ ያቆመኝም ይኸው አለመስማማት ነው። የሰልፉን ፎቶ ማንበብ የሚቻለው የሠርጉ ፎቶ ሲኖር ነው። መንገድ የዘጋ ሕዝብ ብቻውን ሲታይ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል፤ ቁጣው ይታያል፣ ቁጣው የቆመለት ነገር ግን አይታይም። የዌስትሳይድ አብያተ ክርስቲያናትና ክበቦች ለዚያ ሰፈር የኛ ዕድር ለኛ የሆነውን ያህል ነበሩ። መዋጮው የሚሰበሰበው፣ ሰው የሚጠራራው፣ ነገር የሚመከረው እዚያ ነው። የራይትን ፎቶዎች ካያችሁ በኋላ፣ ቆይቼ የምነግራችሁን የ1971ን ሰልፍ ስታዩ "ይህን ሁሉ ሰው ማን አወጣው?" ብላችሁ አትጠይቁም።

ከ1971 በፊት ግን አንድ ያልተካሄደ ሰልፍ አለ። እሱም ፎቶ አለው።

በ1955 ከዌስትሳይድ ጠርዝ ሙላን ሩዥ የተባለ ሆቴልና ካዚኖ ተከፈተ። ጥቁርና ነጭ አብረው የሚያድሩበት፣ አብረው የሚቁማመሩበት በከተማዋ የመጀመሪያው ነው። ላይፍ መጽሔት ዳንሰኞቹን ሽፋኑ ላይ አወጣቸው፤ ቤቱ ግን በዚያው ዓመት፣ ስድስት ወር ያህል ሠርቶ ተዘጋ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ በከተማዋ የመጀመሪያው ጥቁር የጥርስ ሐኪምና ኤንኤኤሲፒ የተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ጄምስ ማክሚላን ለከንቲባው ደብዳቤ ጻፉ። ጥቁርን ከነጭ መለየቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልቀረ ሕዝብ ይዘን ስትሪፕ ላይ እንወጣለን አሉ። ካዚኖዎቹ የፈሩት ሕግን አልነበረም፤ ፎቶን ነበር ብዬ አምናለሁ። ከአገር አገር የሚናኘው የደስታ ከተማ ሥዕል ላይ ፖሊስና ሰልፈኛ ሲጨመርበት ምን ያህል ኪሳራ እንደሚያስከትል ከነሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቀነ ገደቡ ማርች 26 ነበር። ሰልፉ ሳይወጣ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ የስትሪፕና የዳውንታውን ሆቴሎችም አብዛኞቹ በራቸውን ለጥቁር እንግዳ ከፈቱ።

ከዚያን ቀን የቀረው ፎቶ ሙላን ሩዥ ውስጥ ጠረጴዛ ከብበው የተቀመጡ ሰዎችን ያሳያል፤ ከነዚህም መካከል ማክሚላን፣ ከንቲባ ግራግሰንና የጋዜጣው ባለቤት ሐንክ ግሪንስፐን አሉ። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም። መግለጫ ጽሑፍ ባይኖረው የነጋዴዎች ስብሰባ ነው ብላችሁ ገጹን ትገለብጡት ነበር። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ስምምነቱ በሩን ለእንግዳ ከፈተ እንጂ ሥራውን አልከፈተም። ጥቁር ሠራተኛ ከጓዳ ወጥቶ ካርታ እንዲያከፋፍል፣ መጠጥ እንዲቀዳ በፍርድ ቤት የጸደቀ ስምምነት ያስፈለገው በ1971 ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ የኔቫዳ ዌልፌር ኃላፊ በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶችንና ልጆችን አጭበርብራችኋል በሚል ከድጎማ ሰረዛቸው። እናቶቹ ሰሚ እስኪያገኙ ድረስ በልመናና በቢሮ ደጅ ጥናት አልቆዩም። መሪያቸው ወይዘሮ ሩቢ ደንከን ታሉላ የተወለዱ፣ በሆቴል ጽዳትና በወጥ ቤት የሠሩ፣ ሥራ ላይ ወድቀው የተጎዱ የልጆች እናት ነበሩ። ስትሪፕን በደንብ ያውቁታል፤ ያጸዱት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸውና።

ማርች 6 ቀን 1971 እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ስትሪፕ ላይ ወጡ። ከፊት መስመር ደንከን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የቅርብ ወዳጅ የነበሩት ቄስ ራልፍ አበርናቲና ተዋናይት ጄን ፎንዳ ነበሩ። ሰልፉ ተጉዞ ሲዛርስ ፓላስ ካዚኖ ውስጥ ገባ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ወለሉ ምንጣፍ፣ ዙሪያው የሮማ ሐውልት፣ ቁማርተኛው በጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል፤ በመሀሉ ሕፃን ያዘሉ፣ ልጅ በእጃቸው የያዙ እናቶች ያልፋሉ። ሆቴሉን ከጓዳ በኩል ያውቁት የነበሩ ሴቶች በፊት ለፊቱ በር ገብተዋል። በሳምንቱ እንደገና ወጡና ትራፊኩን አቆሙት። ወሩ ሳያልቅ የፌዴራል ዳኛ ሮጀር ፎሊ ድጎማቸው እንዲመለስ አዘዙ።

የዚህን ሰልፍ ፎቶዎች ስትመለከቱ አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። የጋዜጣ ካሜራ ታዋቂን ሰው ያሳድዳል። ፎንዳ ስማቸው ይጻፋል፣ አበርናቲ ስማቸው ይጻፋል፤ ከኋላ ያሉት እናቶች "ሰልፈኞች" ተብለው ይቀራሉ። ሴቶቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም። ታዋቂዎቹን የጠሩት ለዚሁ ነው፤ ቦታውን ስትሪፕ ያደረጉትም ካሜራና ገንዘብ አብረው ያሉት እዚያ ስለሆነ ነው። በኋላም ልጆቻቸውን ስታርደስት ሆቴል ምግብ ቤት አስገብተው አጥግበው አብልተው፣ ሒሳቡን አንከፍልም ብለዋል። ማስታወቂያ በሚያኖራት ከተማ ማስታወቂያውን ነው የነጠቁት። በዚያም አላቆሙም፤ በ1972 ኦፕሬሽን ላይፍ የተባለ ድርጅት አቋቁመው ጃክሰን ጎዳና ላይ ባዶውን በቀረ ሆቴል ውስጥ የሕፃናት ክሊኒክና ለሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። የክሊኒኩ ወረፋ እንደ ሰልፉ ካሜራ አልጠራም።

ስም አልባ ሆነው የቀሩትን ለመፈለግ ብዙ የደከሙ ሰው አሉ። ክሌይቲ ዋይት ይባላሉ። የዩኒቨርሲቲውን የቃል ታሪክ ማእከል ከ2003 ጀምሮ መርተዋል። የዌስትሳይድ ሽማግሌዎችን እያስቀመጡ ድምፃቸውን ቀድተዋል፤ ፎቶ ያለ ድምፅ፣ ድምፅም ያለ ፎቶ ግማሽ እንደሆነ የእሳቸው ሥራ ያሳያል። ዩኒቨርሲቲው የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር የሆነውን የኩሊነሪ ዩኒየንን ፎቶዎችም ይዟል። በዚህ አዳራሽ የዩኒየኑ ካርድ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ የፍሮንቲየር ሆቴልን አድማ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1998፣ ስድስት ዓመት ከአራት ወር በላይ፣ 550 ሠራተኞች ሌሊትና ቀን በፈረቃ ሆቴሉ ደጅ ቆሙ። የፒኬቱን መስመር ጥሶ ወደ ሥራ የተመለሰ አንድም ሰው የለም። በጊዜው ዩኒየኑን ይመሩ የነበሩት ሐቲ ካንቲ አላባማ የተወለዱ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አሥር ልጆች ይዘው ሆቴል ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ የኖሩ ናቸው። የረጅም አድማ ፎቶ ከአንድ ቀን ሰልፍ ፎቶ ይለያል። አንድ ቀን የወጣ ሕዝብ ይጮሃል፤ ስድስት ዓመት የቆመ ሕዝብ ተጣጣፊ ወንበር ያመጣል፣ ውሃ ይይዛል፣ ጥላ ይዘረጋል፣ ልጁን በጋሪ ይገፋል። አርባ ዲግሪ ባለፈ ሙቀት ሰልፉ ራሱ ሰፈር ይሆናል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ክላርክ ካውንቲ በ2023 ሱቆቻችንና ምግብ ቤቶቻችን የተሰባሰቡበትን አካባቢ "ትንሿ ኢትዮጵያ" ብሎ ሰይሟል። በምረቃው ቀን ፎቶ ያላነሣ አልነበረም ማለት ይቻላል። እሱ አያሳስበኝም፤ ባለሥልጣን ያለበት ፎቶ ጠባቂ አያጣም። የሚያሳስበኝ የመጀመሪያዎቹ መጪዎች አንድ አፓርታማ ለአምስት ሲከራዩ የተነሡት፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በኪራይ አዳራሽ ሲጀመሩ የተነሡት፣ በ2013 የታክሲ ሾፌሮች አድማ ሲመቱ በስልክ የተቀረጹት ፎቶዎች ናቸው። የት ናቸው? ብዙዎቹ ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ወይም በተሰበረ ስልክ ውስጥ።

ጋራዡን ልናገር። የበረሃ ድርቀት ለወረቀት ፎቶ ወዳጅ ነው፤ ሻጋታ አያበቅልም። ሙቀቱ ግን ይገድለዋል። የድሮ ነጋቲቭ የተሠራበት አሲቴት በሙቀት ሲበሰብስ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ካርቶኑን ስትከፍቱ አፍንጫችሁን ከሰነጠቀው ፊልሙ መሞት ጀምሯል፤ ትነቱም አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፊልም ይበክላል። የሚሸተውን ለይታችሁ አውጡ። የቀረውን ከጋራዥ ወደ ቤት ውስጥ ቁም ሣጥን አዛውሩት፤ ኤር ኮንዲሽነር ለናንተ ካስፈለገ ለሱም ያስፈልገዋል። ተጣብቆ የሚጎትተውን የፕላስቲክ አልበም ተዉት፤ ፎቶው ሲላጥ ፊት ይዞ ይላጣል።

የስልኩ ነገር የባሰ ነው። በዋትስአፕና በፌስቡክ የምንላላከው ፎቶ ይጨመቃል፣ የተነሣበት ቀንና ቦታም ከውስጡ ይጠፋል። በቴሌግራም ከላካችሁ በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ። ዋናውን ግን ከሁለት ቦታ በላይ አስቀምጡ።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የ1960 ጠረጴዛ እዚህ ይገባል። ያን ፎቶ ታሪክ ያደረገው ሥሩ የተጻፈው ቀንና ስም ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ፎቶ ቤት ተነሥተው ሲሰጣጡ ከጀርባው "ማስታወሻነቱ" ብለው ጀምረው ለማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተነሣ በእስክሪብቶ ይጽፉ ነበር። እኛ በዚህ ከነሱ ሰንፈናል። አድማ ላይ የተነሣችሁት ፎቶ ካለ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ፣ የየትኛው በር ፊት እንደነበር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደቆማችሁ ጻፉ። በእርሳስ ቢሆን ይመረጣል፤ እስክሪብቶ ወደ ፎቶው ፊት ይሰርጋል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ባላችሁ ቋንቋ ጻፉት፤ መተርጎም የባለሙያው ፋንታ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ተናግሬ ወደ ጥያቄያችሁ እሄዳለሁ። የሠርግ ፎቶ ማንንም አይጎዳም፤ የሰልፍ ፎቶ ግን ሊጎዳ ይችላል። ከናንተ ጎን የቆመው ሰው ያኔ የመኖሪያ ወረቀት ያልነበረው ሊሆን ይችላል። ወይም ዛሬ በተቃወመው ሆቴል ውስጥ ይሠራ ይሆናል፤ ወይም ፊቱ አገር ቤት ላለ ቤተሰቡ መዘዝ ያመጣ ይሆናል። ፎቶ ለቤተ መዛግብት ስትሰጡ ስጦታውን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያስፈርሟችኋል። ስለዚህ እዚያ ወረቀት ላይ ገደብ ማስቀመጥ ይቻላል፦ ይህ ሣጥን ለሃያ ዓመት አይከፈት፣ ይህ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አይውጣ፣ የዚህ ሰው ስም አይጻፍ ማለት መብታችሁ ነው። ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። ፎቶው ውስጥ ያሉትን በሕይወት ያሉ ሰዎች ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ። ገደቡን በአፍ ተነጋግራችሁ አትመለሱ፤ እናንተ ሳላችሁ ወረቀቱ ላይ ይስፈር፣ ቅጂውንም ይዛችሁ ውጡ።

ማይኩን ከኋላ ካለው ወንበር እንጀምር፤ እጅ ያወጡት እናት ይቅደሙ።